የጭላሎን ልጅ ውሃ ጠማው

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

በአሰላ ከተማ፣ በኢተያና በሁሩታ፣ በሳጉሬና በበቆጂ፣ በዴራም ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው የሕግ ትምህርታችን ስለ ውሃ ነው። ጀሪካን አሰልፋችሁ ወረፋ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ በስልካችሁ ከፍታችሁን አብራችሁን ቆዩ። የምናወራው ስለ እናንተው ጉዳይ ነው።

በእኔ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያፏጫል፣ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ከዚያ የጎረቤት የቆርቆሮ በር ይንኳኳል። "ውሃ መጣ! ተነሡ!" ይባላል። ባልዲ ይጋጫል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሰፈሩ በሙሉ በእንቅልፍ ልቡ ይቀዳል። ከበራችን ፊት ለፊት ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እናት አሉ። አንድ ሌሊት ጀሪካን ላነሳላቸው ሄጄ፣ ከቧንቧው አጠገብ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "ተመስገን! ዛሬስ ራሩልን" ሲሉ ሰማኋቸው።

"እማማ፣ ማን ነው የራራልን?" አልኳቸው።

"የከፈቱልን ናቸዋ፣ ልጄ! ባይራሩልን ምን እናደርግ ነበር?"

እማማ በየወሩ ቢል ይከፍላሉ። ቆጣሪያቸው ውሃ ሳይኖር በአየር ሲዞር እንኳ የመጣውን ከፍለዋል። የሰፈሩ መስመር ሲዘረጋም ገንዘብ አዋጥተዋል። እንዲህ ያሉ እናት ውሃ ሲመጣ "ራሩልን" ይላሉ። ያቺ ቃል ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣችም፤ የዛሬውን ዝግጅት እንድጽፍ ያስገደደችኝም እሷ ናት። ምክንያቱም የሀገሪቱን ሕግ ገልጦ ላነበበ ሰው፣ ለዚያ ቦታ የተጻፈው ቃል ሌላ ነው፤ "ይገባናል" የሚል ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የቆምንበትን የአርሲ ምድር እንየው። ጭላሎ ከአሰላ በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከእሱ ወዲያ ጋላማና ካካ አሉ። ክረምት ደመናው ከራሳቸው አይወርድም፤ በጋም ቢሆን ከሥራቸው ምንጭ አይጠፋም። ከነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በካታር ወንዝ በኩል ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በቀለጣ በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው ደግሞ ከዋቤ ሸበሌ ጋር ተቀላቅሎ ሶማሌ ምድር ድረስ ይዘልቃል። የሦስት ተፋሰስ ውሃ የሚፈልቅበት ሀገር ላይ ተቀምጠን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧ ሲያስል እንሰማለን። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለውን ተረት አባቶቻችን ስለኛም የተረቱት ይመስለኛል።

እንግዲህ ውሃው አለ። ከምንጩ እስከ እማማ ጀሪካን ያለው መንገድ ግን በራሱ አይጠረግም። ያንን መንገድ መጥረግ የማን ግዴታ ነው የሚለውን የሚመልሰው ሕጉ ነው።

"መብት" ስንል ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ትልቅ ቃል እንደ መናገር አድርገን እንወስደዋለን። እኔ ለማስረዳት የሚቀናኝ እቁብ ነው። እቁብ የጣለ ሰው ዕጣው ሲወጣለት ለዳኛው "ራራልኝ" አይለውም። ተራው ነው፤ ይቀበላል። ዳኛው ገንዘቡን ቢይዝበት የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ስንት እንደሚገባውም እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። መብትም እንዲሁ ነው። ባለቤት አለው፣ ግዴታ ያለበት ወገን አለው፣ ልክም አለው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ነገሩ ወደ ልመና ይወርዳል።

ውሃን በተመለከተ ባለቤቱ ማነው? በንጉሡ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 1228 ላይ፣ በሚፈስሰውም ሆነ በማይፈስሰው ውሃ ለመጠቀም ቅድሚያ ያለው ውሃው ባለበት መሬት ላይ የሚኖረው ማኅበረሰብ ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የሀገሪቱ ውሃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ብሎ ይደነግጋል። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 7 ላይ ለሁላችንም ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ተጽፏል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ አለው። ከመስኖ በፊት፣ ከፋብሪካ በፊት፣ ከአበባ እርሻ በፊት፣ የሰው ጉሮሮ ይቀድማል ማለት ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ለመቆፈርና በሱ ለመጠቀምም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል።

ግዴታው የማን ነው? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ላይ፣ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከትምህርትና ከጤና ጋር ንጹሕ ውሃም እንዲቀርብ ስሙን ጠርቶ አስቀምጧል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ መሄድ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። በዚህ በር የሚገቡት ስምምነቶች ጥቂት አይደሉም። የሴቶችን መድልዎ የሚከለክለው ስምምነት፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀችው፣ የገጠር ሴት የውሃ አቅርቦት የማግኘት መብት እንዳላት ይናገራል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት ንጹሕ የመጠጥ ውሃን ከሕፃናት ጤና ጋር አያይዞ ያነሳዋል።

ከሁሉም የሚሰፋው ግን ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ነው። የሚገርመው፣ እዚያ ውስጥ ስለ ውሃ በቀጥታ የተጻፈ መብት አታገኙም። አንቀጽ 11 ሰው ሁሉ "በቂ ምግብን፣ ልብስንና መኖሪያን ጨምሮ" ደህና ኑሮ የመኖር መብት አለው ይላል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2002 15ኛ አጠቃላይ ትርጓሜውን ሲያወጣ፣ "ጨምሮ" የምትለዋን ቃል ያዘ። "ጨምሮ" ማለት ዝርዝሩ አላለቀም ማለት ነው፤ ያለ ውሃ ደግሞ ምግብም መኖሪያም የለም፤ ስለዚህ ውሃ እዚያው ውስጥ ነው አለ። የአንዲት ቃል ጉልበት እንዲህ ነው። የኮሚቴው ጽሑፍ ራሱ ስምምነት ስላልሆነ እንደ ስምምነት አይገድድም። ስምምነቱ እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ ትልቅ ክብደት ያለው መመሪያ ግን ነው።

በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2010፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና ሳኒቴሽን ሰብአዊ መብት ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔ ቁጥር 64/292 ይባላል። ሐሳቡን ይዛ የቀረበችው ቦሊቪያ ነበረች። የኮቻባምባ ከተማ ሕዝብ ከዚያ ውሳኔ አስር ዓመት ቀደም ብሎ፣ የከተማው ውሃ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ተሰጥቶ ዋጋው ሲሰቀልበት፣ አደባባይ ወጥቶ ውሉን ያስፈረሰባት ሀገር ናት። 122 ሀገራት ደገፉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ 41 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከተዓቀቡት መካከል ሀገራችን ኢትዮጵያ ነበረችበት። ይህን የምነግራችሁ ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ የሕግ ትምህርት የምንሰጥ ከሆነ የሚጎረብጠውንም መናገር ስላለብን ነው። የውሃ ማማ እየተባለች የምትጠራ ሀገር በዚያ ቀን እጇን ብታወጣ እወድ ነበር። ሆኖም የእኛ መብት በዚያ ቀን ድምፅ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከላይ ያነሳሁት ቃል ኪዳን ከዚያ 17 ዓመት ቀድሞ ገዝቶናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጠቅላላ ጉባኤው ነገሩን ደግሞ ሲያነሳው፣ ድምፅ ሳይሰጥበት በስምምነት አልፏል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ከኒውዮርኩ ጉባኤ ወደ ዶዶታ ወረዳ እንመለስ። የውሃ መብት ምን እንደሚመስል በእጅ የሚዳሰሰው እዚህ ነውና።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። አዋሽን ተሻግሮ ዴራ፣ ከዚያ ኢተያ፣ ጎንዴ፣ ቁሉምሳ፣ አሰላ። አዳማ ላይ ላብ የጠረገው ሰው ቁሉምሳ ሲደርስ ሹራቡን ይፈልጋል። ይህ ዳገት የአየር ብቻ ዳገት አይደለም። ከታች በስምጥ ሸለቆው ወለል ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ወገብን ያጎብጣል። በወንጂ አካባቢ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰውን የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከአሥርተ ዓመታት በፊት አጥንተው ጽፈውታል።

ይህ ውሃ ሲታይ ኩልል ያለ ነው። አይሸትም፣ አይደፈርስም። ብታፈሉት ፍሎራይዱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። "ንጹሕ ውሃ" የሚለው የሕግ ቃል ለዓይን የጠራ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አንዲት የቆላ እናት ጉድጓዱ ቤቷ አጠገብ ተቆፍሮላት፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ወረፋ ሳይኖርባት፣ መብቷ ግን ሊጓደል ይችላል። ውሃዋ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ውጤቱ ካልተነገራት ምን እየጠጣች እንደሆነ አታውቅም።

መድኃኒቱ ያለው ከላይ ነው። ከተራራው ምንጭ የሚወጣው ውሃ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ለመውረድም ሞተር አይፈልግም፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይገፋዋል። በደርግ ዘመን በስዊድን መንግሥት የልማት ድርጅት በሲዳ እርዳታ የተሠራው የዶዶታ የውሃ ፕሮጀክት የደጋውን ውሃ በቧንቧ ለቆላው ያወረደው በዚህ መንገድ ነው። በዘመኑ የሚጠቀስ ያደረገው ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። እንስራ በጀርባቸው አዝለው ሲመላለሱ የኖሩ ሴቶች ቦኖውን ለመጠበቅና ለማስተዳደር ሠለጠኑ፤ ቁልፉ በእጃቸው ገባ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጎረቤት ወረዳ ሂጦሳ ተከተለ። ዋተርኤይድ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ገንዘብና ባለሙያ አመጣ፤ ገበሬው ቦዩን ቆፈረ፣ ገንዘብም አዋጣ። 140 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቧንቧ ከተራራው ሥር ተነሥቶ ትንንሽ ከተሞችንና የገበሬ ማኅበራትን አዳረሰ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው የጎለበተ ምንጭ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ኋላ ጎንዴ ኢተያ መስመርም መጣ።

እስቲ 140 ኪሎ ሜትር ቦይ በአካፋና በዶማ ሲቆፈር አስቡት። በአንድ ቀን የተወሰነች ርዝመት ለአንድ ቤተሰብ ተለክታ፣ የድርሻውን ቆፍሮ የጨረሰው ወደ እርሻው ይመለሳል። ሥራው ካለቀ በኋላም ነገሩ ለመሥሪያ ቤት ተትቶ አልተኬደም። ሕዝቡ ራሱ የመረጠው የውሃ ቦርድ ተቋቋመ። ቦኖው ላይ በባልዲ የሚከፈለው ሳንቲም ተሰብስቦ ለሠራተኛ ደሞዝና ለጥገና ዋለ። ቧንቧው የት እንደሚሄድ፣ ቦኖው የት እንደሚቆም፣ ባልዲው በስንት እንደሚሸጥ በስብሰባ ተወራበት። የሕግ ሰዎች "የመሳተፍና መረጃ የማግኘት መብት" የሚሉት ይህንኑ ነው። ሂጦሳ ያለ ገበሬ ግን ቃሉን ከሕግ መጽሐፍ አልተማረውም፤ ቦዩን ሲቆፍር አወቀው። እኔ ስለ ውሃ መብት ሲነሳ ከብዙ የጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ያቺ የቦርድ ስብሰባ ትታየኛለች።

ሆኖም አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳልጠይቀው ባልፍ ደስ አይለኝም። ገበሬው ቆፍሮ፣ አዋጥቶ፣ የውጭ ድርጅት ረድቶ ውሃው ከመጣ፣ የመንግሥት ግዴታ የት ሄደ? ሕጉ መንግሥት ሁሉን በገዛ እጁ ይቆፍር አይልም። ሌላው እንዲሠራ ሊያመቻች ይችላል፤ ዋስ ሆኖ መቆሙ ግን አይቀርለትም። ቧንቧው ሲያረጅ፣ የመስመሩ ሕዝብ እጥፍ ሲሆን፣ ምንጩን የከበበው ደን ተመንጥሮ ሲመናመን፣ "የእናንተው ፕሮጀክት ነው" ብሎ ዞር ማለት አይችልም። በሕግ ቋንቋ ግዴታው ሦስት መልክ አለው። ራሱ አያደናቅፍም፤ ሌላው እንዳያበላሽ ይከላከላል፤ የጎደለውን ይሞላል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። እቁብተኛ ስንት እንደሚደርሰው ያውቃል ብያችኋለሁና።

ሀገራችን በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጊዜ ያስቀመጠችው መለኪያ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ለከተማ እንደ ነዋሪው ብዛት ከ40 እስከ 100 ሊትር ይደርሳል። ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ 60 ሊትር፣ ከ100 ሺህ በላይ ላለው 80 ሊትር፤ አሰላን የሚመለከተው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ነው። እስቲ ትንሹን ይዘን እናስላ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 300 ሊትር ይገባዋል፤ በቢጫው ጀሪካን 15 ማለት ነው። ቧንቧው በአራት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ቤት በዚያች ሌሊት 60 ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ አለበት። ሮቶ የገዛ ሊሞላው ይችላል። ሮቶ የሌላቸው፣ ጉልበት የከዳቸው እማማስ? አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ፈረቃው ለሁሉም እኩል ነው ሲባል የምሰማው ነገር እዚህ ላይ ሲደርስ አይዋጥልኝም። ማከማቻ ላለውና ለሌለው እኩል ሌሊት መስጠት እኩል ውሃ መስጠት አይሆንም።

ለገጠሩም ቢሆን 1 ኪሎ ሜትር በካርታ ላይና በጭላሎ ዳገት ላይ አንድ አይደለም። ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቀድቶ ለመመለስ ከ30 ደቂቃ የበለጠ ከፈጀ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በሚጠቀሙበት መለኪያ ያ ውሃ ከመሠረታዊ አገልግሎት በታች ነው። ያንን ጊዜ የምትከፍለው ማን እንደሆነች ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ማለዳ ጀሪካን ይዛ የወረደች ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል፤ በሳምንት ስንት ቀን እንዳረፈደች ግን የመምህሩ መዝገብ ይናገራል እንጂ የውሃ ሪፖርት አይናገርም።

ስለ ዋጋ ጥቂት ልበል። መብት ነው ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሂጦሳም ሳንቲም ከፍሏል። ሕጉ የሚለው ዋጋው ከአቅም በላይ አይሁን፣ ደሃው ከሀብታሙ በባሰ አይጫንበት ነው። ቧንቧ ጠፍቶ ከጋሪ ላይ በጀሪካን የሚገዛ ሰው፣ በቤቱ ቆጣሪ ካለው ሰው በሊትር ስንት እጥፍ እንደሚከፍል የየሰፈራችሁን ዋጋ አስታውሳችሁ አስሉት። የኮሚቴው ትርጓሜ ስለ ውሃ መቁረጥም ይናገራል። ከመቆረጡ በፊት ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያቱን ማስረዳት፣ አቤት የሚባልበት ቦታ መኖር አለበት፤ መክፈል ያልቻለ ሰው እንኳ ለሕይወት ከሚያስፈልገው ትንሹ መጠን በታች ሊወርድ አይገባም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ብዙዎቻችሁ አሁን በልባችሁ "ሄደን ስንጠይቅ 'አቅም የለንም' ይሉናል" እንደምትሉ አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ "አቅም በፈቀደ መጠን" ይላል አይደል? ይላል። የአቅም ማነስ እውነት ነው፤ ቧንቧና ሞተር በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ግን አቅም ሳይጠይቁ ወዲያው የሚፈጸሙ ነገሮች አሉ። አለማዳላት ገንዘብ አይጠይቅም። ፈረቃውን ቀድሞ መለጠፍና ማስነገር ገንዘብ አይጠይቅም። የውሃ ምርመራ ውጤትን ለሕዝብ መግለጽ፣ ዕቅድ አውጥቶ ማሳየት ብዙ አይጠይቅም። ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ልዩ ጉዳይ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣ የነበረ ውሃ አንድ ቀን ከሆነ፣ አማራጩን ሁሉ ሞክሮ እንደጨረሰ የማስረዳት ሸክሙ በመንግሥት ላይ ነው ይላል ያው ትርጓሜ። ስለዚህ "አቅም የለንም" ለተባለ ሰው የሚቀጥለው ጥያቄ "ያለው አቅም በምን ላይ ዋለ?" የሚል ነው።

ፍርድ ቤት መሄድስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ መንገዱ ገና አልተደለደለም። አንቀጽ 90 የተቀመጠው በፖሊሲ ዓላማዎች ምዕራፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ብቻውን ለክስ ይበቃል ወይስ አይበቃም እያሉ የሕግ ሰዎች ይከራከሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 አፓፕ የተባለ የሀገር ውስጥ ድርጅት፣ የአቃቂና የሞጆ ወንዞች በፋብሪካ ፍሳሽ ሲበከሉ ዝም ብሏል ብሎ የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር። ክሱ ውድቅ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካን የመሰለች፣ በሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 27 በቂ ውሃ የማግኘት መብትን በግልጽ የጻፈች ሀገር እንኳ ቀላል አልሆነላትም። የሶዌቶ ነዋሪዎች ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው 25 ሊትር ነጻ ውሃ አይበቃንም ብለው ማዚቡኮ በሚባለው መዝገብ ተከራከሩ። በታች ፍርድ ቤቶች ረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ግን ፈረደባቸው። የሆነ ሆኖ ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ ከተማው ፖሊሲውን ደጋግሞ ለማሻሻል ተገድዷል፤ ፍርድ ቤቱም ይህንኑ መስክሯል።

በአፓፕ መዝገብ ክሱ ቢወድቅም፣ ክሱ የቆመበት አንቀጽ ዛሬም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ "አንተን ምን አገባህ?" ሳይባል፣ ወንዝ ወይም ምንጭ ሲበከል ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ ካልተሰጠው ወይም ምላሹ ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ከምንጫችሁ በላይ ቆሻሻ የሚደፋ ካለ ይህን ቁጥር ጻፉት፤ 300/1995፣ አንቀጽ 11።

ከፍርድ ቤት ሌላም በር አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 210 እና 211/1992 የተቋቋሙ ናቸው። ለኮሚሽኑ አቤቱታ ማቅረብ ክፍያ የለውም፤ መጻፍ ለማይችል ሰው በቃልም ይቀበላሉ። የአስተዳደር በደል ከሆነ፣ ማለትም ሰፈራችሁ ያለ ምክንያት ከፈረቃ ከተዘለለ ወይም ለአቤቱታችሁ መልስ የሚሰጥ ከጠፋ፣ እንባ ጠባቂው ለዚህ ነው የተቋቋመው።

የአርሲ ሴቶች ስለ አቤቱታ ከማንም የሚማሩት ነገር ያለ አይመስለኝም። ሲንቄን የማያውቅ አርሲ የለም። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ያቺ ቀጭን በትር፣ አንዲት ሴት ስትበደል የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ታስነሣለች። ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እልል እያሉ ይወጣሉ፤ ሽማግሌ መጥቶ በደሉ በካሳ እስኪፈታ አይመለሱም። ጠብ የለም፣ ድንጋይ የለም፤ ግን ዝም ብሎ የሚያልፋቸው የለም። አንዷ ብቻዋን ብታለቅስ ለቅሶ ሆኖ የሚቀረው ነገር፣ አብረው ሲቆሙ የሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ለውሃ የሚጻፍ አቤቱታም በአንድ ሰው ስም ከሚገባ በሰፈር ቢገባ እላለሁ።

እኛ ሰፈር እንዲሁ አደረግን። ለመጻፍ የተቀመጥነው እማማ ቤት ነበር። "እባካችሁ ራሩልን ብለሽ ጀምሪ" አሉኝ። እኔ ግን በቀኑ ጀመርኩ፤ ውሃ የመጣባቸውን ሌሊቶች ከነሰዓታቸው ከቀን መቁጠሪያዬ ላይ ገለበጥኩ። ቀጥዬ የቆጣሪ ቁጥሮቹን፣ የተከፈሉትን ቢሎች፣ በየቤቱ ያለውን ሰው ብዛት አሰፈርኩ። ከዚያ የሊትሩን መለኪያ ጻፍኩና በሁለት ቅጂ አዘጋጀሁት፤ አንዱ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ተመቶበት እኛ ዘንድ እንዲቀር። ጨርሼ ሳነብላቸው እማማ አቋረጡኝ።

"ስልሳ ያልሽው ምኑ ነው?"

"የአንድ ሰው የቀን ውሃ ነው፣ እማማ። ለከተማችን የተቀመጠው።"

ዝም ብለው ጣታቸውን ቆጠሩ። እሳቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አራት ናቸው። ወደ ደጅ፣ በግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት ጀሪካኖች ተመለከቱ።

"አሥራ ሁለት ጀሪካን" አሉ። "በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"እንግዲያው ያንን የራሩልን ነገር ተይው" አሉኝ። "አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ። ከማክሰኞ ሌሊት ወዲህ ጠብ እንዳላለም ጨምሪበት።"

(የመዝጊያ ሙዚቃ)